የጋሽ ባዘዘው አርባ መኪና

1.

«አርባ።»

ማንም አልጠየቀውም።

2.

ይህ ታሪክ በአርባ ቁርጥራጭ ተሠርቶ ይቀርባል። አንድም አይጎድልም። ጸሐፊው ቃሉን ሰጥቷል፤ የጸሐፊው ቃል ደግሞ ከወረታ እስከ ባሕር ዳር የታወቀ ነው።*

ስለ ሰውየው፦ ባዘዘው ይባላል። ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ራሱ ሲናገር አርባ አምስት፣ ወንበር ሲለቀቅለት ስልሳ። ወረታ ከተማ፣ ከገበያው በታች፣ በናፍጣ የሚሠራ የእህል ወፍጮ አለው። ጸሐፊው ይህን ሰው በቅርብ ያውቀዋል፤ ጠዋት ጠዋት ፊታቸውን የሚላጩት በአንድ ምላጭ፣ በአንድ መስታወት ፊት ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ባዘዘው ላይ የሚወርደው ስድብ ሁሉ ከባለቤቱ ፈቃድ የተገኘበት ነው።

* እስከ ሐሙሲት፤ ግማሽ መንገድ።

3.

ነገሩ የሆነው በመምህር ይርዳው ሳሎን ነው። ባዘዘው ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ሆኖ፣ ለልጁ ለይበልጣል የመምህሩን ልጅ ምንታምርን ሊጠይቅ ሄዷል። እንደ ወጉ የሙሽራው አባት ከሽማግሌ ጋር አይሄድም፤ ቤቱ ተቀምጦ ወሬ ይጠብቃል። ባዘዘው ግን ወሬን ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው አይደለም። «ሦስተኛውን ሽማግሌ ወገቡን አሞታል» ብሎ በቦታው ገባ። ሽማግሌው ወገቡን እንዳመመው የሰማው በሳምንቱ ነው።

መምህር ይርዳው ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ ያስተማረ፣ ጡረታ ወጥቶም ቀይ እስክሪብቶ ከደረት ኪሱ ያልተለየው ሰው ነው። ጥሎሽ አልፈልግም አለ። ወርቅም አልፈልግም አለ። ሽማግሌዎቹ ደስ ብሏቸው ሊመርቁ እጃቸውን ሲያነሡ፣ የባዘዘው ምላስ አመለጠችው።

«አርባ።»

«ምን አርባ?» አለ መምህር ይርዳው።

«አርባ መኪና! ልጅዎን ለመውሰድ በአርባ መኪና ነው የምንመጣው። ወረታ አይታው የማታውቀው አጀብ!»

«እኔ እኮ መኪና አልጠየቅሁም።»

«ባይጠይቁስ! ምንታምር በባጃጅ ትሂድ ኖሯል?»

መምህሩ ከጠረጴዛው ሥር ደብተር አወጣ። ቀን ጻፈ። ቁጥሩን ጻፈ። ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

«አቶ ባዘዘው፣ መኪናው ቢቀር ግድ የለኝም ነበር። አሁን ግን ቁጥር ጠሩ። ልጄ የምትገባው እርስዎ ቤት ነው፤ እዚያ ቤት የሚነገር ቁጥር ልክ መሆን አለመሆኑን ማወቅ አለብኝ። የሠርጉ ዕለት በሬ ላይ ቆሜ እቆጥራለሁ። ልክ ከሆነ በሩን እከፍታለሁ።»

«ልክ ካልሆነስ?» አለ አንደኛው ሽማግሌ፣ በቀጭን ድምፅ።

«ልክ ያልሆነ መልስ እኔ ዘንድ ምን እንደሚደረግ ተማሪዎቼን ጠይቋቸው።»

አንደኛው ሽማግሌ የመምህሩ ተማሪ ነበር። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም።

4.

የማስተካከያ ሠንጠረዥ

ባዘዘው ያለው፦ ከጣና እኔን የሚያህል ዓሣ አወጣሁ።
የነበረው፦ ክንድ ታህላለች። ከገበያ ገዛት።

ባዘዘው ያለው፦ የፎገራ ጎርፍ የመጣ ጊዜ በሬዬን ተሸክሜ ዋኘሁ።
የነበረው፦ በሬው ነው የተሸከመው።

ባዘዘው ያለው፦ ወፍጮዬ ሲነሣ ጎንደር ይሰማል።
የነበረው፦ ጎረቤት ይሰማል። ከሷልም።

ባዘዘው ያለው፦ የመጀመሪያ ልጄ ስም «ይበልጣል» ነው።
የነበረው፦ እውነት ነው። ከማን እንደሚበልጥ ግን እስከ ዛሬ አልተናገረም።

5.

ይበልጣል የሚሠራው ጤና ጣቢያ ነው፤ መድኃኒት ክፍል። አባቱ ከሽምግልናው ሲመለስ በር ላይ ጠበቀው።

«እሺ አሉ?»

«እሺ ብቻ! አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ ነው ያለቀሰው!»

«አባዬ።»

«እሺ ብሏል። አርባ መኪና አልኩት።»

ልጁ፣ «ስንት መኪና አለን?» አለ።

«የአጎትህ ልጅ የሹመት ሚኒባስ አለች...»

«አንድ።»

«ከአንድ ነው የሚጀመረው!»

«አባዬ፣ እኔ በሚሊግራም ነው የምሠራው። አንድ ዜሮ ብጨምር ሰው ይሞታል። አንተ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ዜሮ ስትጨምር ማንም ስላልሞተ ነው እንዲህ የምትሆነው።» ወደ ቤት ገባና ከውስጥ ሆኖ ጨረሰው። «አሁን ግን የሚሞተው የኔ ሠርግ ነው።»

6.

አንባቢ፣ ለመፍረድ አትቸኩል። ባዘዘው አፍ ብቻ አይደለም። በማግስቱ ከተማውን ዞረ። በእኛ አገር ለሠርግ መኪና አይከራዩም፤ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ ወዳጅ መኪናውን ከነነዳጁ ይዞ ይመጣል። ነዳጁ የባለመኪናው ስጦታ ነው፣ ምግቡና መጠጡ የደጋሹ። ባዘዘው ያልረገጠው ደጃፍ የለም። ሠላሳ ስድስት ሰው እሺ አለው።*

* አሥራ አራት። የቀረውን ፈጣሪ ይሞላዋል ብሎ ነበር። ይህን የግርጌ ማስታወሻ በኋላ አስታውሰው።

7.

ከሠርጉ ሁለት ሳምንት በፊት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሬዲዮው በነዳጅ ዋጋ ላይ «ማስተካከያ» መደረጉን ተናገረ። ወረታ ውስጥ የተጣመመ ነገር ሞልቷል፤ የገበያው መንገድ አለ፣ የመብራት ምሰሶው አለ፣ የባዘዘው አፍ አለ። ከሁሉ ተመርጦ የተስተካከለው ነዳጅ ነው።

ዜናው ሳያልቅ ባዘዘው ወፍጮ ቤቱ ደረሰ። በሩ ላይ በጠመኔ የተጻፈውን የማስፈጫ ዋጋ በክርኑ አበሰና ከፍ ያለ ቁጥር ጻፈ። ሚስቱ ጥሩዓለም ቁርሱን ይዛ መጥታ ከኋላው ቆማ ስታየው ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ በርሜሉ ሙሉ አይደለም እንዴ?»

«ሙሉ ነው።»

«መቼ የገዛኸው ናፍጣ ነው?»

«ባለፈው ወር።»

«ታዲያ የድሮ ናፍጣ ሬዲዮ ይሰማል?»

«ጥሩዓለም፣ ይሄ ኢኮኖሚ ነው።»

«ይሄ ክርን ነው» አለችው፣ እጅጌው ላይ የቀረውን ጠመኔ እያራገፈች።

8.

በዚያው ሳምንት ወረታ ውስጥ ዋጋ የጨመሩ ነገሮች፣ ከነምክንያታቸው፦

ሽንኩርት። ውሃ የሚስብለት ሞተር ቤንዚን ይጠጣል። እሺ።

ሩዝ። በአይሱዙ ይጫናል። እሺ።

የድንኳን ኪራይ። ድንኳኑን የሚያመጣው ጋሪ ነው። ፈረሱስ ምን ሆነ? ገብስ ይበላል። ገብሱስ? በአይሱዙ ይመጣል። ይሁን እንግዲህ።

ፀጉር መቆረጥ። «ኑረዲን፣ መቀስህ በቤንዚን ይሠራል?» «ጋሼ፣ መቀሱ ባይጠጣም እኔ ሽንኩርት እበላለሁ!»

ጥርስ መነቀል። ምክንያት አልተነገረም። አፍ ተከፍቶ እያለ ምክንያት መጠየቅ አይቻልም።

ምርቃት። ከገበያው መግቢያ የሚቀመጡት አዛውንት የድሮውን ሳንቲም ተቀብለው «እግዜር ይስ...» አሉና እዚያ ላይ አቆሙት።

የዚህ ታሪክ ውሸት። ጸሐፊውም ሽንኩርት ይበላል።

አንተስ? በዚያ ሳምንት የጨመርከውን እዚህ ጻፍ፦ ........................

አልጨመርኩም የምትል ከሆነ፣ ባዘዘውም ያለው እሱኑ ነው።

9.

ስልክ፣ ረቡዕ

ባለ ቪትዙ፦ ጋሽ ባዘዘው፣ መኪናዋን አሟታል።
ባዘዘው፦ ምኗን?
ባለ ቪትዙ፦ ሆዷን።
ባዘዘው፦ ምን ተገኘባት?
ባለ ቪትዙ፦ ምንም። ምንም ነው የተገኘባት።

10.

ስልክ፣ ሐሙስ

ባለ ዶልፊኑ፦ ጋሼ፣ ቤንዚን አለኝ፤ አልዋሽዎትም። ግን ለባለቤቴ ምጥ ያስቀመጥኳት ናት።
ባዘዘው፦ እንኳን ደስ ያለህ! መቼ ነው?
ባለ ዶልፊኑ፦ ከአራት ወር በኋላ።

11.

ስልክ፣ ዓርብ

ባለ ሃይሉክሱ፦ (አያነሣም።)
ባለ ሃይሉክሱ፦ (አያነሣም።)
ባለ ሃይሉክሱ፦ (አንሥቶ በሴት ድምፅ «የደወሉላቸው ደንበኛ» ይላል።)

12.

ዘጠኝ።

ስድስት።

ሦስት።

13.

ቅዳሜ ቀን ሹመት ራሱ መጣ። ሹመት የባዘዘው የወንድሙ ልጅ ነው፤ ነጩ ሚኒባስ የሱ ነው፤ ባዘዘው ከሁሉ በፊት የቆጠረው እሱን ነበር። ቆቡን በእጁ ያሽከረክራል።

«ጋሼ፣ እኔም አልችልም።»

«አንተም? አንተ እንኳ በቤንዚን?»

«ቤንዚኑንስ በታሪፉ ላይ ጨምሬ እወጣዋለሁ። የገደለኝ ምሳ ነው። እታለም ቤት በቀን ሁለቴ ነው የምበላው፤ ሁለቴም ጨመረችብኝ። ሠርጉን ሳጅብ ውዬ የቀን ገቢዬ ከቀረ ቤቴ ምን ይበላል?»

ሁለት።

ባዘዘው ደሙ ፈላ። የልጁ ሠርግ በምሳ ምክንያት ሊፈርስ! ያን ዕለት ጥፋተኛውን ፈልጎ ሳያገኝ እንደማይመለስ ማለ። አጋዥ ጦር አስከትሎ ወጣ።*

መጀመሪያ እታለም ምግብ ቤት። «እኔን ምን አድርግ ትለኛለህ? እንጀራ አቅራቢዬን ጠይቃት!» አለችው።

ከዚያ እንጀራ አቅራቢዋ ቤት። እጇ ሊጥ ነው።

«ዱቄት ጨመረብኝ፤ ጨመርኩ።»

«ዱቄት ላይ ማነው የጨመረው?»

ሴትዮዋ ትክ ብላ አየችው። «ይቀልዱብኛል?»

«የምን ቀልድ! ስሙን ጥሪልኝ! እንዲህ ዓይነቱ ደም መጣጭ ነው አገር ያቃጠለው። ዛሬውኑ ሄጄ አንገቱን ባልይዘው ባዘዘው አይደለሁም! የሚፈራ ነው ብለሽ ነው? ማንም ቢሆን፣ የማንም ዘመድ ቢሆን...»

ሴትዮዋ በሊጥ ጣቷ ወደ ገበያው ታች፣ ጭስ ወደሚወጣበት ጠቆመች።

* የጎረቤት ውሻ ተከትሎት ነበር። እሱም ከመንገድ ተመለሰ።

14.

ቱፍ።

ቱፍ።

ቱፍ።

ቱፍ።

15–22.

(እነዚህ ቁርጥራጮች በነዳጅ እጥረት ምክንያት አልደረሱም። ጸሐፊው ይቅርታ ይጠይቃል። አርባ ያለው ግን አርባ ነው።)

23.

ባዘዘው ወፍጮውን አጠፋ። ቱፍታው ሲቆም ገበያው ሁሉ ዞሮ አየው።

እውነቱን ለመናገር፣ የሚያስፈራው ዋጋው አልነበረም። የሚያስፈራው ከጠመኔ እስከ ሹመት ምሳ ነገሩ የፈጀው አራት ቀን ብቻ መሆኑ ነው። ባዘዘው በሕይወቱ ስንት ነገር አጋንኗል፤ እንደዚህ ፈጥኖ እግር ያወጣለት ግን የለም። አንድ ቁጥር በር ላይ ጻፈ፤ ቁጥሩ ዱቄት ሆኖ ወጣ፣ እንጀራ ሆነ፣ ምሳ ሆነ፣ መሪ ይዞ መጣና የልጁን ሠርግ ገጨው።

በክርኑ አበሰው። የድሮውን ዋጋ መልሶ ጻፈ። ከሥሩ «በርሜሉ እስኪያልቅ» ብሎ ጨመረ።

ከዚያ በመጣበት መንገድ ዞረ። እንጀራ አቅራቢዋ፣ «እንጨቱም ጨምሯል እኮ» አለችው። እታለም፣ «ሽንኩርቱስ? ዘይቱስ? ጋሽ ባዘዘው፣ ዋጋ ሲወርድ አይቼ አላውቅም፤ ከኔ ልጀምር?» አለችው። ለመነ። ስለ አባቷ ተናገረ፣ ስለ አባቷ ጀግንነት ተናገረ፣ አባቷ ራሱ የማያውቀውን ጀግንነት ሁሉ ተናገረ። በመጨረሻ ሳቋ መጣ።

«በቃ! ለሹመት ብቻ። እስከ ሠርጉ ቀን። በድሮው አበላዋለሁ።»

እንግዲህ የአገሪቱ ኢኮኖሚ ላይ ባዘዘው ያመጣው ለውጥ ይኸው ነው፦ ወረታ ውስጥ የአንድ ሰው ምሳ ወረደ።

ሦስት።

24.

በነዚያ ሳምንታት ከተማዋን የያዛት በሽታ መነገር አለበት፤ ያለሱ የሚቀጥለው አይገባህም።

ወረፋ።

ማደያው አንድ ቀን ይቀዳል፣ ሦስት ቀን ይደርቃል። መቼ እንደሚቀዳ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ሰልፍ ያየ ባለመኪና አይጠይቅም፤ መጀመሪያ ይሰለፋል፣ ከዚያ ይጠይቃል። ወረፋ ጥለው የሚሄዱ በቦታቸው ጀሪካን ያስቀምጣሉ፤ ጀሪካን የሌላቸው ድንጋይ። አንድ ባለ ኮሮላ በተበላሸ የጭነት መኪና ጀርባ ግማሽ ቀን ተሰልፎ ውሏል። «ምነው አልጠየቅህም?» ሲሉት፣ «ከኔ ኋላ ሰባት ሰው ነበር፤ ሁሉም ይሳሳታል ብዬ አላሰብኩም» አለ።

አንድ ነገር ጨምር፦ የመምህር ይርዳው ቤት አስፋልቱ ዳር ነው። ማደያው ከቤቱ አለፍ ብሎ፣ በዚያው በኩል።

26.

የሠርጉ ዕለት ጠዋት ባዘዘው ካፖርቱን ለብሶ፣ ሦስቱን መኪና አሰልፎ ቆመ። የሹመት ሚኒባስ። የሚስቱ እህት ባል ኮሮላ፤ ጥሩዓለም በእህትነት አስገድዳ ያመጣችው። ሦስተኛው ሽንኩርት ሲያመላልስ የከረመ አይሱዙ ነው፤ አበባ ተለጥፎበታል፣ ሽታው ግን አልተላጠም። ሚዜዎቹ እላዩ ላይ ቆመው ይጨፍራሉ፤ ዓይናቸው ያለቅሳል።

ይበልጣል በሱፍ ልብሱ መጣና የአባቱን ክራባት አስተካከለለት።

«አባዬ፣ አልተቆጣሁም። ሦስትም ይበቃል። አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንህ።»

«ዓለምን ጠይቀኝ! እሰጥሃለሁ!»

«ዓለም አይደለም። በሩ ላይ ስትጠየቅ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ልኩን ተናገር። ከተቆጡ እኔ ተንበርክኬ እለምናቸዋለሁ። ውሸቱን ይዤ ግን አልገባም። ምንታምርም ነግራኛለች፤ አባቷ ድሃ ይወዳል፣ ቁጥር የሚያበላሽ አይወድም።»

ባዘዘው አፉን ከፈተ። ዘጋው። ለሱ ይህ ራሱ ታሪካዊ ነው።

28.

ሦስት መኪና አርባ እንዲመስል የሚደረግበት ዘዴ (ባዘዘው በመንገድ ላይ ያሰበው)

አንድ። አስፋልቱን ትተህ በአቧራው መንገድ ንዳ። አቧራ ውስጥ ስንት መኪና እንዳለ የሚቆጥር የለም።

ሁለት። ጥሩምባውን በተራ ሳይሆን በአንድ ላይ ንፉ።

ሦስት። ገበያውን አራት ጊዜ ዙሩ።

አራት። ቤንዚን የለም፤ ሦስተኛውን ሰርዝ።

አምስት። አንደኛውንም ሰርዝ፤ የመምህሩ ቤት አስፋልት ዳር ነው።

ስድስት። ልጅህ በመስታወት ውስጥ እያየህ ነው። ሁሉንም ሰርዝ።

31.

ሲደርሱ በሩ ተዘግቷል። ይህ ወግ ነው፤ የሙሽራዋ ጓደኞች በር ይይዛሉ፣ ሚዜዎቹን በዘፈን ይሰድባሉ፣ ሳይለመኑና ሳይሸለሙ አይለቁም። በደህና ጊዜ ሩብ ሰዓት ይበቃዋል። የምንታምር ጓደኞች ግን ዘንድሮ ሽልማቱ ላይም ማስተካከያ አድርገዋል።

ክርክሩ ገና ሲሞቅ፣ ከአይሱዙው ኋላ አንድ ሰማያዊ ቪትዝ ቀስ ብላ መጥታ ቆመች። ሞተር ጠፋ። ሹፌሩ አንገቱን አወጣ።

«የመጨረሻው አንተ ነህ?» አለው የአይሱዙውን ሹፌር።

«አዎ፣ የመጨረሻው እኔ ነኝ።» ምን ይበል? ነው።

ከቪትዟ ኋላ ሃይሉክስ። ከሃይሉክሱ ኋላ ሁለት ዶልፊን።

«ቤንዚን መጣ እንዴ?»

«ሳይመጣ ይሰለፋሉ?»

«ከፊት አበባ ያደረጉት ምንድን ናቸው?»

«ሙሽሮች ናቸው።»

«ያሳዝናል! በሠርጋቸው ቀን እንኳ ወረፋ!»

33.

ሲኖትራክ።

ኮሮላ። ኮሮላ። ኮሮላ።

የውሃ ቦቴ።

ምጥ የሚጠብቀው ዶልፊን።

ሆዷን ያመማት ቪትዝ።

ሃይሉክስ፤ ሹፌሩ ባዘዘውን ሲያይ ከመሪው ሥር ተደበቀ።

ጀሪካን።

ድንጋይ።

35.

መምህር ይርዳው በጓሮ በር ወጣ። ነጭ ልብስ፣ ነጭ ጋቢ፣ ደብተር፣ ቀይ እስክሪብቶ። ለማንም ሰላም ሳይል ከመጀመሪያው መኪና ጀመረ፤ በጣቱ እየነካ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ ሰልፉን ይዞ ወረደ። ባዘዘው ከሩቅ ያየዋል። ባጃጆቹን አለፋቸው፤ ሦስት ጎማ መኪና ብሎ አይቆጥርም። ጀሪካኖቹንም አለፋቸው። ወደ ጫፉ ሲደርስ አንድ መስኮት ላይ ጎንበስ አለ፣ ከሹፌሩ ጋር ትንሽ ተነጋገረ፣ ሹፌሩ ወደ ማደያው ሲጠቁም አየ፣ ቀና አለ፣ መቁጠሩን ቀጠለ።

ሲመለስ ከሄደበት ይልቅ ቀስ ብሎ ነው የተራመደው። ፊቱ የፈተና ወረቀት የሚያድል ሰው ፊት ነው፤ ምንም አይነበብበትም።

«አርባ አንድ» አለ።

36.

ሰማህ?

አርባ አንድ!

ሃምሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ባዘዘው ከእውነቱ ሲበልጥ ኖሯል። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱ በአንድ በለጠው። ፈጣሪ የቀረውን ሞልቶታል፤ አበል እንኳ ጨምሮበታል። በዓሣው ያልሆነለት፣ በጎርፉ ያልሆነለት፣ በዚህ አስፋልት ላይ ጎማ አውጥቶ ተሰልፎ ቆሞለታል። ይህን ነገር ባዘዘው የዛሬ ሃያ ዓመት ሲያወራው መቶ አርባ እንደሚሆን ጸሐፊው በምላጩ ይምላል።

37.

«በሩ ይከፈታል» አለ መምህር ይርዳው። «ግን ለመዝገብ ያህል ይፈርሙልኝ።»

ደብተሩን ዘረጋ። በእጁ ያዘጋጀው፣ በማስመሪያ የተሰመረ ቅጽ ነው። ቀዩን እስክሪብቶ ሳይሆን ሰማያዊውን ሰጠው። ቀዩን ራሱ ያዘ።

ልጃገረዶቹ ዘፈናቸውን አቆሙ። ምንታምር በመስኮት መጋረጃ ገልጣ ታያለች። ይበልጣል ከመኪና ወርዶ አባቱ አጠገብ ቆመ፤ ክራባቱን እንኳ አላስተካከለለትም።

ከኋላ ጥሩምባ ጮኸ። አንድ ሹፌር፣ «ኧረ ሰልፉ ምነው አይንቀሳቀስም! አለቀ እንዴ?» ብሎ ተጣራ።

«አሁን ያልቃል» አለ መምህር ይርዳው፣ ዓይኑን ከባዘዘው ሳያነሣ።

38.

ባዘዘው እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ።

ቅጹ ሁለት ቦታ አለው፤ በአኃዝ እና በፊደል። ተንኮለኛ ቅጽ ነው። አኃዝ ላይ ሰው እንደ ፈለገ ይሆናል፤ ከጎኑ አንዲት ክብ ቢጨምር፣ አንዲት መስመር ቢቀጥል ማንም አይይዘውም። በፊደል ሲጻፍ ግን ቃሉ ይነበባል፤ አፍ ያወጣል።

በር ላይ በጠመኔ ጽፎት የነበረውን ቁጥር አስታወሰ። የት የት እንደሄደ አስታወሰ።

39.

ጻፈ። ፈረመ።

መምህር ይርዳው መነጽሩን ገፋ አድርጎ አነበበ። አንድ ጊዜ። ሁለት ጊዜ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ለሰነፍ ሰጥቶት የማያውቀውን ምልክት፣ ትልቅ ቀይ ራይት፣ ከመልሱ አጠገብ አደረገ። ቁልፉን ከኪሱ አወጣ።

ይበልጣል በአባቱ ትከሻ ላይ አጎንብሶ አነበበው።

40.

(ከዚህ በላይ ያሉት ቁርጥራጮች አርባ አይሞሉም። ጸሐፊው ያውቃል። ቆጥረህ ከሆነ፣ መምህር ይርዳው ይወድህ ነበር። የመጨረሻውን ቁጥር ጸሐፊው በእጁ ሊጽፈው ሦስት ቀን ሞከረ፤ ሌላ ቁጥር ሁሉ ሲታዘዘው ይህኛው እምቢ አለው። እስክሪብቶው ያውልህ።)

እኔ ባዘዘው፣ ዛሬ ለልጄ ሠርግ ይዤ የመጣሁት የመኪና ብዛት፦

በአኃዝ፦ ................ ✓

በፊደል፦ ................................